ከጥንቱ ሌንስ ተነሥቼ የሠራሁት የእንጨት ካሜራ

ይህን ካሜራ የሠራሁት ለሌንሱ ስል ነው። እኅቴ ከሜሪላንድ ለበዓል ስትመጣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችውን አንድ የነሐስ ሌንስ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሸተር (ብርሃን እንዲገባ ለቅጽበት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ) የለውም፤ መሃሉ ላይ ግን በቀለበት የሚሰፋና የሚጠብ ዲያፍራም አለው፤ በቀለበቱም ላይ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ዓይነቱ ራፒድ ሬክቲሊኒየር የሚባለው ሲሆን፣ ይህን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1866 ዳልማየር ለንደን ውስጥ፣ ሽታይንሃይል ደግሞ ሙኒክ ውስጥ በአንድ ዓመት አውጥተውታል። ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ አራት መስታወቶች ከዲያፍራሙ ፊትና ኋላ እንደ መንታ ይቆማሉ፤ በዚህ መመጣጠን ምክንያት የግድግዳ ጠርዝና የመስኮት መቃን በፎቶው ዳር እንኳ ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

አንድ ጣውላ ከመቁረጤ በፊት የሌንሱን የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ሩቅ ያለን ነገር ጥርት አድርጎ ለማሳየት ከፊልሙ የሚርቅበትን ልክ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ሌንሱን በመጻሕፍት ክምር ላይ አቁሜ ከፊቱ በመብራት የደመቀ ማስመሪያ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት አደረግሁ፤ የማስመሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ወረቀቱም ላይ ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ሁለቱን እያስጠጋሁና እያራቅሁ ቆየሁ። መጠናቸው ሲተካከል ከማስመሪያው እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 84 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ፤ ስለዚህ ሌንሴ የ210 ሚሊ ሜትር ነው። ሩቅ ተራራ ለማንሣት ሌንሱ ከፊልሙ 210 ሚሊ ሜትር መራቅ ሲበቃው፣ አንድ ሜትር ላይ የተቀመጠን ነገር ለማንሣት ግን ወደ 266 ሚሊ ሜትር መሳብ አለበት። የካሜራው ርዝመት፣ ሌንሱንና ፊልሙን የሚያገናኘው ታጣፊ የጨርቅ ቱቦ፣ ማለትም የወናፉ፣ እጥፋት ብዛት፣ የመንሸራተቻው ልክ ሁሉ የተወሰኑት ከዚህ ስሌት ነው።

ለሣጥኑ መጀመሪያ ከገበያ የገዛሁት ጣውላ ገና እርጥበት ስለነበረው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠመመ። ከዚያ በኋላ የተሰበረ የዋንዛ ቁም ሣጥን ፈትቼ በእሱ ሠራሁ፤ ዋንዛ ለመሥራት ገራም፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቤት ውስጥ የደረቀው ደግሞ ከእንግዲህ ወዲያ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሌንሱን ከፊት ጣውላው ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት ያወጣልኝ ቶርኖ ቤት ነው።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ወናፉ ነበር። በሁለት ድርብ ጥቁር አቡጀዲ መካከል ቀጫጭን የካርቶን ዘንጎችን ደርድሬ፣ በዘንጎቹ መካከል ጨርቁ የሚታጠፍበት ጠባብ ክፍተት እየተውሁ አጣበቅሁ። በመጀመሪያው ሙከራ የእንጨት ኮላ ተጠቀምሁ፤ ኮላው ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ማዕዘኖቹ ላይ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ ቀባሁ፤ እሱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል። ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ካሜራው ውስጥ አስገብቼ ስዘጋ፣ በእጥፋቶቹ ማዕዘን ላይ አምስት ብርሃን የሚያፈስሱ ነጥቦች እንደ ከዋክብት ታዩኝ። እያንዳንዱን በኖራ ምልክት አድርጌ በቁራጭ ጨርቅ ደፈንኋቸው።

ምስሉ የሚታይበትን ደብዛዛ መስታወት ያዘጋጀሁት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ተራ የመስኮት መስታወት ካርቦራንደም በሚባል ጠንካራ የመሞረጃ ዱቄትና በውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል በማሸት ነው። ዋናውን ስሕተቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ሻካራውን ፊት ወደ ሌንሱ ማዞር ሲገባኝ ወደ ራሴ አዞርሁት። የ4 በ5 ኢንች የፊልም መያዣ ፊልሙን ከፊቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሻካራው ፊትም ያለ ምንም ልዩነት በዚያው ጥልቀት ላይ መዋል አለበት። በእኔ ካሜራ ላይ ግን የመስታወቱ ውፍረት በመካከል ገባ። ብርሃኑ መስታወቱ ውስጥ ስለሚሰበር ስሕተቱ ሙሉ 3 ሚሊ ሜትር አልሆነም፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ።

ስሕተቱን ያጋለጠልኝ የእናቴ ፎቶ ነው። በፊልም ፈንታ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት እጠቀም ስለነበር ለብርሃን ያለውን ንቃት (ISO) 6 አድርጌ እቆጥረው ነበር። እናቴን መስኮት አጠገብ፣ ከሌንሱ አንድ ሜትር ተኩል ላይ አስቀምጬ ዓይናቸው ላይ አነጣጠርሁ። ወረቀቱ ሲታጠብ ዓይናቸው ደብዝዞ ጆሯቸውና የጆሮ ጌጣቸው ጥርት ብለው ወጡ። በዚያ ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ትኩረቱን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ይኸውም ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ልክ ነው። ዲያፍራሙን አጥብቤ ያነሣኋቸው ቀደምት ፎቶዎች ጥርት ብለው ይወጡ ስለነበር ችግሩ ለሳምንታት ተሸሽጎብኝ ቆይቷል። ስለዚህ አዲስ ካሜራ መፈተን ያለበት ዲያፍራሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው እላለሁ።

መስታወቱን ገልብጬ ካስተካከልሁ በኋላም አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ቀለበቱን 16 ላይ አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን ለ16 ሴኮንድ የሌንሱን ክዳን ስከፍት ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚወጣው ምስል) ደህና ይወጣል። በዛሬው አቆጣጠር ቁጥሩ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ 4 ላይ አድርጌ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ ስከፍት ግን ስስና ባዶ ይሆናል። 64 ላይ፣ ከአራት ደቂቃ በላይ ጠብቄ ያነሣሁት ደግሞ ከልክ በላይ ጠቆረ። ሌንሱን አረጀ ብዬ ጠረጠርሁ፤ መስታወቶቹን የሚያጣብቀውን የካናዳ ባልሳም ሙጫ በአጉሊ መነጽር መረመርሁ፤ ንጹሕ ነበር።

በመጨረሻ ማስመሪያ ከሌንሱ ፊት አስጠግቼ ቀዳዳውን ለካሁ፤ በዛሬው አቆጣጠር ቁጥሩ የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነውና። 16 ላይ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 210 ለ13 ሲካፈል 16 ስለሚሆን ትክክል ነው። 4 ላይ ግን 26 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ዛሬ 8 የምንለው ነው። 64 ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ማለትም 32 ነው። ቁጥሮቹ ለካ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከእንግሊዝ የወጣው፣ አሜሪካውያን ሌንስ ሠሪዎችም ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት የ«ዩኒፎርም ሲስተም» ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ሥርዓት ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ጊዜም በእጥፍ ያድጋል፤ ከዛሬው አቆጣጠር ጋር የሚገናኘው 16 ላይ ብቻ ነው። የእኔ 16 ሁልጊዜ ደህና መሆኑ፣ 4 እና 64 ግን አራት እጥፍ መሳታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

እናቴን እንደገና አስቀመጥኋቸው። ራሳቸው እንዳይንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ እንዲያስደግፉ ነገርኋቸው፤ ቀለበቱን 4 ላይ አድርጌ ክዳኑን አነሣሁ፤ ጮክ ብዬ እስከ አምስት ቆጠርሁ፤ አራቱ ለዲያፍራሙ፣ ተጨማሪው አንድ ሌንሱ ወደ ፊት ለተሳበበት ነው። «አለቀ ወይ ልጄ?» ሲሉኝ ክዳኑን መልሼ ነበር። በዚህኛው ወረቀት ላይ የዓይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኔጋቲቩ ሲገለበጥ የነጠላቸው ቀይ ጥለት ግን ጥቁር ሆኖ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ቀይ ብርሃንን አያይምና። ያን ዕለት ማታ 8፣ 11፣ 16፣ 22 እና 32 ብዬ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከቀለበቱ ሥር፣ ከፊት ጣውላው ላይ ለጠፍሁት።