የመጨረሻው እጣ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ዋለ። የድሬዳዋ ሰኔ እንዲህ ያደርጋል፤ ሙቀቱ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ያስገባና የከዚራ ሰፈር በዛፎቿ ጥላ ሥር ጭር ስትል፣ ቤት የዋለ ሰው ከራሱ ሐሳብ በቀር የሚያነጋግረው አያገኝም። ልቤን ያሳርፍልኝ እንደሆነ ብዬ የእቁባችንን መዝገብ አወጣሁና ገጽ በገጽ ማየት ጀመርሁ። ጸሐፊነቱን ከተቀበልሁ ወዲህ መዝገቡ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው።

በግራ በኩል የአባሉ ስም፣ ቀጥሎ የወሩ መዋጮ፣ ከዚያ ፊርማ አለ። በእትዬ ዘ. መስመር ላይ ግን ፊርማ የለም። ቀፊራ ገበያ ቃሪያና ሎሚ ሲሸጡ ውለው ሲመጡ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ላይ አሳርፈው ይጫኑታል። አሻራዎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ እያንዳንዱ መስመር እስኪቆጠር ድረስ ጠርቶ ወጥቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ እጃቸው እርጥብ ኖሮ ተንሰራፍቷል። የተዘለለ ወር የለም። እጣው ግን እስካሁን አልወጣላቸውም፤ ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከቀሩት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ያዘኝና እስከ ምሽት አልለቀቀኝም። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰው የሚቀበለው ገንዘብ፣ መጀመሪያ ወር ላይ ከወጣለት ሰው ገንዘብ ጋር በእርግጥ እኩል ነው?

በመዝገቡ ላይ እኩል ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ ባለ እጣው 100,000 ብር ይወስዳል። ሁሉም 100,000 ሰጥቶ 100,000 ይቀበላል፤ ያተረፈም የከሰረም የለም። ነገር ግን ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ይጨምራል ብለን ብንይዝ፣ በሃያኛው ወር የሚወጣው 100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ በመጀመሪያው ወር በ81,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። በእርግጥ የመጨረሻው ባለ እጣም መዋጮውን ሲጥል የቆየው ዋጋው እየቀነሰ በሚሄድ ብር ስለሆነ፣ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ 19,000 ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። መዋጮውን ሁሉ በመጀመሪያው ወር የመግዛት አቅም መንዝሬ ብደምረው 90,000 ብር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው 90,000 ሰጥቶ 100,000 ወሰደ፣ የመጨረሻው 90,000 ሰጥቶ 81,000 ወሰደ ማለት ነው። እትዬ ዘ. ሳያውቁት፣ እኛም ሳናውቅባቸው፣ ወደ 9,000 ብር የሚጠጋ አቅም ከእርሳቸው እጅ ወጥቶ ቀድመው ወደ ወሰዱት ሄዷል።

ይህ ዋጋ በእርጋታ ሲጨምር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። ከጅቡቲ በሚገባ ዕቃ ለሚኖር ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ቀን በፊት ቴሌቪዥን ወይም ማቀዝቀዣ የሚገዛ እጣ የወጣለትና ከዚያ በኋላ የወጣለት ሰው፣ በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ የተቀበሉት ገንዘብ ግን በገበያ ላይ ፈጽሞ አይገናኝም።

ታዲያ እቁብ ይቅር ለማለት አይደለም። ያንኑ 5,000 ብር በየወሩ ባንክ ቢያስቀምጡት፣ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ሲሰላ ከሃያ ወር በኋላ ከ105,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ከእቁቡ የመጨረሻ እጣ ይሻላል፣ ግን ወለዱ ከዋጋው ንረት በታች እስከሆነ ድረስ እርሱም ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። ደግሞስ ብቻውን ሆኖ ለሃያ ወር ሳያጓድል የሚያስቀምጥ ስንቱ ነው? እቁብ የሚሠራው ሌላው አባል ስለሚጠብቀን፣ ዋስ የሆነልን ሰው ስለሚያፍርብን ነው። ይህን ጉልበት የትኛውም የባንክ ደብተር አይሰጥም።

የእህቴ ልጅ አክሲዮን ግዙ ትላለች። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኖቹን በቴሌብር ሲሸጥ፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ያለው ሰው ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይም አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ለአሥር ዓመት የማይነካ ገንዘብ ላለው ሰው መልካም ነው። ገንዘቡ ለልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለድንገተኛ ሕመም የሚፈለግ ከሆነ ግን፣ በፈለጉበት ቀን ገዢ መገኘቱ ያልተረጋገጠ ነገር ውስጥ ማስገባት አይገባም። የብዙዎቻችን እጣ ደግሞ ገና ሳይወጣ ሥራው ተቆርጦለታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ተመልሶ እቁቡን ማስተካከል ይቻላል ወይ ወደሚለው ሄደ። መዋጮው በየወሩ 50 ብር ቢጨምርስ? በመጀመሪያው ወር 5,000፣ በሃያኛው 5,950 ብር ይሆናል፤ እጣውም ከ100,000 ተነሥቶ 119,000 ላይ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሠራሁት፤ የመጨረሻው ሰው ጉዳት ከ9,000 ወደ 2,000 ብር ገደማ ይወርዳል። ደስ ብሎኝ ለዳኛችን ለሐጂ ስልክ ደወልሁ።

ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ የመጀመሪያው ሰው ስንት ይወስዳል?» አሉ። «100,000» አልኋቸው። «ዙሩ እስኪያልቅ ስንት ይከፍላል?» ደመርሁት፤ 109,500 ብር ነው። «ይህንን 9,500 ምን ብዬ ነው ለአባላቱ የምነግራቸው? ግማሾቻችን ከባንክ እንኳ ወለድ አንቀበልም።» እውነታቸውን ነው። እቁባችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ይጥላል፤ ሐጂ ሌላ ቦታ እንደሚደረገው እጣ ለቸኮለ ሰው በቅናሽ መሸጥን የከለከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እርሳቸው ያመጡት ሐሳብ ወርቅ ነው። ሐረር ጀጎል ያደጉ ሰው ናቸውና፣ የእናታቸው ቁጠባ በሣጥን ውስጥ ያለ ወርቅ እንደነበር ሁልጊዜ ያነሣሉ። መዋጮው በብር መጠን ሳይሆን በግራም ይወሰን፣ ሁሉም እኩል ግራም ሰጥቶ እኩል ግራም ይቀበል ይላሉ። አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ሲገበያዩበት በነበረ ጊዜ፣ መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዲሱን ብር አውጥቶ ቀስ በቀስ እስኪተካው ድረስ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ያ ጠገራ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበት በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ወር ሚዛኑ ያው ነበር። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን ወርቅ በዓለም ገበያ ሲወደድና ዶላርም በዚያው ወር ሲጨምር፣ የወሩ መዋጮ ባንድ ጊዜ ሊዘል ነው፤ ደመወዙ ያልጨመረ ሰው ከየት ያመጣዋል?

የሚቀጥለው ዙር ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ የመጨረሻዎቹ ፊተኞች ይሁኑ ብዬም አስቤ ነበር። ይህ ያለ ወለድ ሁሉንም ከሞላ ጎደል ያስተካክላል፤ ሁሉም አባል ለሁለተኛ ዙር እስከቆየ ድረስ ብቻ። ይህንንም ለእትዬ ዘ. ማታ ሄጄ ብነግራቸው አልተቀበሉኝም። «ቀድሞ ከወጣልኝ ዘመድ ሰምቶ ይበትነዋል። እኔ መስከረም ላይ ልጆቹን ላስመዘግብበት እፈልገዋለሁ፤ መጨረሻ ይሁንልኝ» አሉ። የ9,000ውን ነገር አስረዳኋቸው፤ ገብቷቸዋል፤ ግን ቀድሞ ቢወጣ ከሚበተንባቸው እንደሚያንስ እርሳቸው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

የዚህን ዙር የመጀመሪያ እጣ ማን እንደወሰደ መዝገቡ ላይ ተመለከትሁ። መምህር መ. ነው። እናቱ ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ስለነበረባቸው፣ ያለ እጣ ይሰጠው ብለን ሁላችንም ተስማምተን ነበር፤ ሁለት ዋስ ጠርቶ ፈርሞ ወሰደ። መዋጮው በየወሩ ይጨምር ብንል 9,500 ብር ጨምሮ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ በግራም ይሁን ብንልም በማይጨምር ደመወዙ የሚጨነቀው እርሱ ነው። እንዳለ ይቀጥል ካልን ደግሞ የእርሱን ችግር የሚሸከሙት ቃሪያና ሎሚ የሚሸጡት እናት ናቸው። አዲሱ ዙር ከመጀመሩ በፊት ይህን ጉዳይ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ፤ የማቀርበው ግን የትኛውን ሐሳብ ደግፌ ነው?