ገብቶ የማይወጣ ቀስት

እኩለ ሌሊት እየተቃረበ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ዳታ ፍሎው ዳያግራሙን፣ መረጃ በሥርዓቱ ውስጥ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቀስት የሚያሳየውን ሥዕል፣ እንደ አዲስ እየሣልኩ ነው። የሲስተም አናሊሲስ ኤንድ ዲዛይን (የሥርዓት ጥናትና ንድፍ) ትምህርት ፕሮጀክታችን የቤተ መጻሕፍት የውሰት ሥርዓት ነው። ዛሬ ጠዋት መምህራችን ሥዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ እርሳሳቸውን ፕሮሰስ 3.3 በተባለው የሥራ ክፍል ላይ አሳረፉ፤ «የተጎዳ መጽሐፍ ለይቶ ማስቀመጥ» የሚለው ላይ። «ገባ። ከዚያስ የት ሄደ?» አሉን።

አራታችንም ዝም አልን። ወደ ፕሮሰሱ የሚገባ ቀስት አለ፣ የሚወጣ የለም። ብላክ ሆል የሚባለው ስህተት ነው። ትርጉሙን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር፤ በገዛ እጄ ስሥለው ግን አላወቅኩትም።

ጓደኞቼ «አንድ ቀስት እንጨምርና እናስረክብ» አሉ። ወዴት የሚሄድ ቀስት? ማናችንም አናውቅም። ስለዚህ ከሰዓት ብቻዬን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለስኩ።

ከአንድ ወር በፊት መጽሐፍ የሚያውሱትን ሴትዮ ኢንተርቪው አድርገናቸው ነበር። ጥያቄዎቻችንን አሁን ሳያቸው ያሳዝኑኛል። አንድ ተማሪ ስንት መጽሐፍ ይዋሳል? ሦስት። ለስንት ቀን? ለ14 ቀን። ሁሉም በአንድ ቃል የሚመለሱ ነበሩ፤ እሳቸውም በአንድ ቃል መለሱልን፤ እኛም ሪኳየርመንት (ሥርዓቱ ሊያሟላ የሚገባውን) ሰበሰብን ብለን ወጣን። ዛሬ ግን «እትዬ፣ ተቀዶ የተመለሰ መጽሐፍ ሲገጥምዎት ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ከመሳቢያቸው ቁልፍ አወጡና ከኋላቸው ያለውን ቁም ሣጥን ከፈቱት። መጻሕፍት ተደራርበዋል፤ ከእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቅ ብላለች። አንዱን አነሣሁት። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የተመለሰበት ቀንና «ጀርባው ተላቋል፣ ከገጽ 41 እስከ 48 የለም» የሚል ተጽፎበታል። ቆጠርኳቸው፤ 23 ናቸው።

«ጠራዡ የሚመጣው ሠላሳ ሲሞሉ ነው» አሉኝ። «እስከዚያ ኮምፒውተሩ ለተማሪዎቹ ‹አለ› ይላቸዋል፣ መደርደሪያው ላይ ያጡታል፣ እኔ ጋ መጥተው ይቆጣሉ። ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ይህንን ሁሉ ጊዜ ጠያቂ አጥተው ኖረዋል። እኛም ፊታቸው ተቀምጠን አልጠየቅናቸውም። እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

የባሰው ደግሞ ማታ ዳታቤዙ ላይ ስደርስ መጣ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ቼን በ1976 ባወጣው ጽሑፍ የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ሞዴልን ሲያስተዋውቅ ነገሮችን (ኢንቲቲዎችን) እና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ለይተን እንድንሥል ነው ያሳየን። እኛ ግን «መጽሐፍ» የሚል አንድ ኢንቲቲ ሠርተን ውስጡ «ብዛት፦ 4» ብለን ጽፈን ነበር። ከአራቱ የትኛው ተቀደደ? የትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው? የትኛው ተማሪ እጅ ላይ ነው? 4 የምትል ቁጥር ይህን ልትነግረን አትችልም። ርእሱ ሌላ ነው፣ ቅጂው ሌላ። አንድ ርእስ ብዙ ቅጂ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ መለያ ቁጥርና የራሱ ሁኔታ ያስፈልገዋል፦ መደርደሪያ ላይ፣ ውሰት ላይ፣ ጥገና ላይ። ውሰቱም የሚያያዘው ከርእሱ ጋር ሳይሆን ከቅጂው ጋር ነው። የቡድናችን ሥራ ግማሹ ፈረሰ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

በፕሮግራማችን መሠረት አናሊሲሱ ካለቀ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ አሁን ዲዛይን ላይ ነን። ወደ ኋላ መመለስ እንደ ውድቀት ይታየኝ ነበር። መምህራችን ግን አንድ ጊዜ የነገሩን ትዝ አለኝ፦ የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ የሆነው የዋተርፎል አባት እየተባለ የሚጠራው ዊንስተን ሮይስ በ1970 ጽሑፉ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ብቻ የሚወርደውን አካሄድ ሥሎ ሲያበቃ እዚያው ላይ አደገኛ ነው፣ ለውድቀት ይጋብዛል ብሎታል። ብዙ ሰው ሥዕሉን ያዘ፣ ማስጠንቀቂያውን ተወ። እኔም እስከ ዛሬ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

አሁን ከ3.3 ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ። አንዱ «የጥገና መዝገብ» ወደሚል አዲስ ዳታ ስቶር (የመረጃ ማከማቻ)፣ ሌላው ወደ ጠራዡ። ጠራዡ ከሥርዓቱ ውጭ ያለ ሰው ስለሆነ ኮንቴክስት ዳያግራሙም (መላውን ሥርዓት ከውጭ ካሉት ጋር የሚያሳየው የላይኛው ሥዕል) ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ የላይኛውና የታችኛው ሥዕል አይመጣጠኑም። መዝገቡ ውስጥ የሚገባውን አልፈጠርኩትም። ከሴትዮዋ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ነው የገለበጥኩት፦ የተመለሰበት ቀን፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የጎደሉ ገጾች።

የእኔ ጭማሪ አንዲት ብቻ ናት፦ የመጽሐፉ ተፈላጊነት። ሌሎች ሰባት እስኪቀደዱ ድረስ 23 መጻሕፍት የሚጠብቁበት ምክንያት አይታየኝም፤ ብዙ ሰው የሚፈልገው አስቀድሞ ይሂድ። ይህን እሳቸው ይቀበሉት እንደሆነ አላውቅም። ነገ ሥዕሉን መምህራችን ከማየታቸው በፊት ለእሳቸው አሳያለሁ፤ እርሳሱንም እሰጣቸዋለሁ።