ትንፋሸ አጭሯ ሶፕራኖ፦ ሎተ ሌማን

ሎተ ሌማን ትንፋሿ አጭር ነበር። ይህ የጠላት ወሬ አይደለም፤ በዘመኗ የነበሩ ሐያስያንም አድናቂዎቿም ሳይሸሽጉ የመሰከሩት፣ ዛሬም የሸክላ ቅጂዎቿን የሚያደምጥ ሁሉ በገዛ ጆሮው የሚያረጋግጠው ነገር ነው። ሌላዋ ሶፕራኖ (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትዘፍን) በአንድ ትንፋሽ የምትዘልቀውን የዜማ ሐረግ እሷ መሃል ላይ ቆርጣ አየር ትስባለች፤ አንዳንዴም አየሩ ሲገባ ይሰማል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን የኦፔራ ዘፋኞች መካከል አንዲት ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ያለ ማመንታት የምጠራው የእሷን ስም ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሕይወቷ ልጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎተ የተወለደችው በ1888 በበርሊንና በሃምቡርግ መካከል በምትገኝ ፔርለበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ለልጃቸው የተመኙላትም አስተማማኝ ሥራ እንጂ መድረክ አልነበረም። ቤተሰቡ ወደ በርሊን ከተዛወረ በኋላ የአዘፋፈን ትምህርት ጀመረች፤ በኤቴልካ ጌርስተር ትምህርት ቤት ግን የቤቱ ስልት ጉሮሮዋን አስሮ ያዘውና ከዕለት ወደ ዕለት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ተሰጥኦ የላትም ተብላ ተሰናበተች። ከወደቀችበት ያነሣቻት ማቲልደ ማሊንገር ናት፤ ማሊንገር በ1868 የቫግነር ኦፔራ «ዲ ማይስተርዚንገር» በሙኒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኤቫን ሆና የዘፈነች ሴት ናት። ጎንደር ውስጥ በበአታ ደብር አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም፤ አቋቋም ሊማሩ ከሩቅ አገር ከመጡት ተማሪዎች መካከል አንዱ መምህር ዘንድ አልሆን ብሏቸው ሌላው ዘንድ ሲቃናላቸው ያየናቸው ብዙ ናቸው።

በ1910 ሃምቡርግ ኦፔራ ስትቀጠር የተሰጣት በሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» ውስጥ ከሦስቱ ልጆች የአንዱ ክፍል ነበር፤ በ1912 ግን ወጣቱ ኦቶ ክሌምፐረር ኦርኬስትራውን እየመራ በቫግነር «ሎኤንግሪን» ኤልዛን ሆና ስትዘፍን የከተማው ሰው ማን እንደሆነች ዐወቀ። በ1916 ወደ ቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ተዛወረች። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ሽትራውስ «አሪያድኔ አውፍ ናክሶስ» የተባለውን ኦፔራውን አሻሽሎ ለመድረክ ሲያዘጋጅ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለውን የወጣት ሙዚቃ ደራሲ ክፍል እንድትዘፍን የተመደበችው ታዋቂ ዘፋኝ ታማ ከልምምድ ቀረች፤ በእሷ ፋንታ ለዕለቱ ቆማ የዘፈነችው ሌማን ነበረች። ሽትራውስ ከሰማት በኋላ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ አልፈለገም። ከዚያ ወዲህ በ1919 በ«ዲ ፍራው ኦነ ሻተን» የቀለም ነካሪውን ሚስት፣ በ1924 ደግሞ ድሬስደን ላይ በ«ኢንተርሜሶ» ክሪስቲነን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው እሷ ናት። ክሪስቲነ የተቀረጸችው በራሱ በሽትራውስ ሚስት በፓውሊነ አምሳል ነበርና፣ አንድ ደራሲ የገዛ ትዳሩን መድረክ ላይ ሲያወጣ ሚስቱን ሆና እንድትቆም ያመናት ዘፋኝ ምን ያህል እንደተከበረች ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስሟ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን በሽትራውስ «ዴር ሮዘንካቫሊር» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1740ዎቹ ቪየና፣ በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የመጀመሪያ የንግሥና ዓመታት ነው፤ ያ ዘመን እዚህ ጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር የነገሡበት ዘመን ስለሆነ፣ የቁስቋምን ግቢ ፍርስራሽ ባየሁ ቁጥር የዚህች ኦፔራ እመቤት ትዝ ትለኛለች። እመቤቲቱ ማርሻሊን ትባላለች፤ የጦር አዛዥ ሚስት ስትሆን 17 ዓመት የሆነው ኦክታቪያን የሚባል ፍቅረኛ አላት፤ አንድ ቀን እሷን ትቶ ወደ እኩያው እንደሚሄድ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ሌማን በዚህ ኦፔራ ሦስቱን ዋና ዋና የሴት ድምፅ ክፍሎች በየተራ ዘፍናለች፦ መጀመሪያ ወጣቷን ሶፊን፣ ቀጥሎ ሴት ዘፋኝ የምትጫወተውን ኦክታቪያንን፣ በመጨረሻም በ1924 ለንደን ኮቨንት ጋርደን በብሩኖ ቫልተር መሪነት ማርሻሊንን። የሶፊን ጉጉትና የኦክታቪያንን ችኮላ በራሷ ጉሮሮ ያለፈች ሴት ማርሻሊንን ስትሆን፣ ሁለቱን ልጆች የምታያቸው ከውጭ ቆማ አይደለም።

በ1933 ቪየና ውስጥ ሮበርት ሄገር እየመራ ኦፔራው አጥሮ በሸክላ ተቀርጿል፤ ያ ቅጂ ዛሬ በስልክ ይገኛል። የመጀመሪያውን ገቢር መጨረሻ አድምጡ። ማርሻሊን በዚያ ጠዋት መስተዋት ፊት ተቀምጣ ጠጉር ሠሪዋን ዛሬ አሮጊት አደረግኸኝ ብላ ወቅሳዋለች፤ በኋላም ለኦክታቪያን ስለ ጊዜ ስትነግረው፣ አንዳንድ ሌሊት ተነሥታ የቤቱን ሰዓቶች ሁሉ እንደምታቆም ትገልጽለታለች። ሽትራውስ ራሱ ይህች ሴት ከ32 ዓመት የማትበልጥ ቆንጆ ናት ብሏል፤ ብዙ ዘፋኞች ግን ቦታውን የልቅሶ ቤት ያደርጉታል። ሌማን አታለቅስም። ሰዓቶቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አሳንሳ፣ ምሥጢር እንደምታካፍል ሴት፣ ቃል በቃል ትናገረዋለች፤ ዜማው አልተቋረጠም፣ ነገር ግን ዘፈን እየሰማን መሆኑን እንረሳለን።

ዕድሜ ልካቸውን አቋቋም ያስተማሩት ጎረቤታችን የኔታ አንድ ምሽት ቡና ላይ ይህን ቅጂ ከስልኬ ሰምተውታል። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ አገጫቸውን እጃቸው ላይ አስደግፈው፣ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲያበቃ፣ «ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች» አሉኝ።

«አዎ የኔታ፣ ሁሉም በዚያ ይነቅፏታል።»

«ይሁና። እሷ ግን እየነገረችን ነው። ስንቱ ድምፁን ሲያሳየን ይውላል!»

ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቁም። እኔ የሌማንን ጥበብ ለመረዳት ካነበብሁት ሁሉ ይህ የእርሳቸው ንግግር ይበልጥብኛል፤ ድምፅን ማሳየትና ነገርን መንገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ሌማንም በሙያዋ ሁሉ ሁለተኛውን መረጠች። በእርግጥ ምርጫው ዋጋ ያስከፍላል። ረጋ ብለው በሚፈስሱ የሹበርት መዝሙሮች ላይ ትንፋሿ ዜማውን የሚሰብርባቸው ቦታዎች አሉና፣ እነዚያን ከሌላ ዘፋኝ ብሰማ እመርጣለሁ። መድረክ ላይ በሰው ስም ቆማ ስትናገር ግን ትንፋሹ ራሱ የዚያች ሰው ትንፋሽ ይሆናል፤ የተጨነቀ ሰው በልኩ አይተነፍስምና።

ለዚህ ሁለተኛው ምስክር በ1935 ቪየና ውስጥ ከዘፋኙ ከላውሪትስ ሜልክዮር ጋር የቀረጸችው የቫግነር «ዲ ቫልኪሬ» የመጀመሪያ ገቢር ነው። ኦርኬስትራውን የሚመራው ብሩኖ ቫልተር አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ጀርመን መሥራት አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ሳልዝበርግ ላይ በአርቱሮ ቶስካኒኒ መሪነት በቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ሌኦኖሬን ዘፈነች፤ ባሏን ከእስር ለማውጣት ወንድ መስላ እስር ቤት የምትገባውን ሴት ማለት ነው። በ1938 ኦስትሪያ በናዚዎች ስትያዝ የእሷም ቤት ተናጋ፤ የባሏ የኦቶ ክራውዘ ልጆች እናት አይሁዳዊት ነበረችና ቤተሰቡ ተሰዶ አሜሪካ ገባ፤ ኦቶም በ1939 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከ1934 ጀምሮ ስለሚያውቃት ሥራ አላጣችም፤ በ1945 ከዚያ መድረክ የተሰናበተችውም በማርሻሊን ነው።

የመጨረሻ ስንብቷ በ1951 ኒው ዮርክ ታውን ሆል ውስጥ ነበር። አስቀድሞ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ በዝግጅቱ መካከል ለታዳሚው ይህ የመጨረሻዬ ነው ስትል አዳራሹ «አይሆንም» እያለ ጮኸ። ማርሻሊን መስተዋት አይታ ጊዜው ደርሷል እንደምትል እሷም መስተዋት አይታ ጊዜው ደርሷል ማለቷን ነገረቻቸው። መጨረሻ ላይ ሹበርት ለሙዚቃ ምስጋና የጻፈውን መዝሙር ስትዘፍን የመጨረሻውን ሐረግ እንባዋ ከለከላት። ድምፅዋ ሳይከዳት መድረክ መልቀቋን እኔ ከትልልቅ ውሳኔዎቿ አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ይህን ማድረግ ያቃታቸው ታላላቅ ዘፋኞች ጥቂት አይደሉምና።

ከዚያ በኋላ በ1976 እስክታርፍ ድረስ ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ኖረች፤ በመመሥረቱ የተሳተፈችበት የሙዚቃ አካዳሚም ውስጥ አስተማረች። እሷን ተሰጥኦ የላትም ብሎ ያሰናበተ ትምህርት ቤት ቢኖርም፣ እሷ ካስተማረቻቸው መካከል ግሬስ ባምብሪ አለች። ባምብሪ ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ነበረች፤ በ1961 ባይሮይት በሚገኘው የቫግነር መድረክ በ«ታንሆይዘር» ቬኑስን እንድትዘፍን ስትመረጥ ተቃውሞው ከየአቅጣጫው ዘነበ፤ በዚያ መድረክ ዋና ክፍል የያዘ ጥቁር ከእሷ በፊት አልነበረም። የመጀመሪያው ምሽት ሲያበቃ ታዳሚው ለግማሽ ሰዓት ያህል አጨበጨበላት። ባምብሪን ከመምህሯ ቀጥሎ ስታደምጡ ድምፁ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ቃሉን አጥርታ ለሰሚ የማድረስ ትጋቷ ግን ከማን እንደመጣ አይጠፋችሁም።

መስማት ለምትፈልጉ ከ«ሮዘንካቫሊር» ጀምሩ፤ ግጥሙን በትርጉም አንድ ጊዜ አንብባችሁ ወረቀቱን አስቀምጡት። «ቫልኪሬ» ቀጥሎ ይምጣ። የሸክላው መንጫጨት መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ አምስት ደቂቃ ከታገሣችሁት ጆሮ ይለምደዋል።