የወገብ ሕመምና የቀን ክፍያ

ዛሬ አዳማ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ተቀምጦ ነበር። ወገቡን በነጠላ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሲሚንቶ ደርቋል። «ወንድሜ፣ ሕመሙስ ይቻላል፤ ዛሬ ግን ስሜ አልተጻፈም» አለኝ። ፎርማኑ ጠዋት ደብተሩ ላይ ያልመዘገበው ሰው ማታ ክፍያ የለውም።

እኔም የመጣሁት በወገብ ሕመም ነው። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሐኪም ወረቀት ካቀረብኩ ደመወዜ አይነካም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የሕመም ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ደግሞ ግማሹን ያስከፍላል። ይህንን ስነግረው ሳቀብኝ። «ማን ውል ሰጥቶኝ!» የቃል ውልም እንደሚጸና ብነግረው ምን ሊፈይድለት? ለክርክር የሚውልበት ቀን ራሱ ገቢ ያስቀርበታል።

ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው አባቱ ታመውበት ነው። (እኔን እዚህ ያደረሰኝም ከጉብዝናዬ ይልቅ የአባቴ ጤና ሳይሆን አይቀርም።) አሁን ደግሞ ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ ሻይ ቤት ልቀጠር እያለችው ነው። እሱን የመረመሩት ሐኪም ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ አዘዙት። ብሎክ ተሸካሚ ሌላ ምን ያነሣል?

አዳማ ውስጥ የጥበቃም ሆነ ሌላ ቀለል ያለ ሥራ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ስልኩን ተቀብያለሁ።