ደንገጎ ላይ የምትጠፋው ቪትዝ

ድሮ የኔ ስካነር፣ የመኪናን ብልሽት የሚነግረኝ መሣሪያ፣ ጆሮዬ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በመካኒክ ረዳትነት ሥራ ስጀምር የተማርኩት በፔጆ 404 ነው። ካርቡራተር፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ አለቀ። ሞተሩ ከተንተፋተፈ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥባለሁ፣ የፑንቲናውን ክፍተት አስተካክላለሁ፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በካቻቢቴ እያዞርኩ በጆሮዬ እገጥመዋለሁ።

ከዚያ ኮምፒዩተር ያላቸው ኮሮላዎች መጡ። ኮፈን ስር ካለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ ታገናኛለህ፣ የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንተ ትቆጥራለህ። አንዴ፣ ቆም ብሎ ሦስቴ፤ የብልሽቱ ኮድ 13 ነው ማለት ነው። አለቃችን ብልጭታ ሲቆጥር ጋራዡ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር።

ስካነር የገዛሁት ዘግይቼ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለሚሸጡ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬት ግዴታ ስላደረገች ዛሬ ያው ባለ 16 ፒን ሶኬት መሪው ስር አለ። ሰክተህ ማንበብ ነው። ቀላል መሰለኝ።

አንድ የሐረር ልጅ ቪትዙን ይዞ መጣ። «አቦ፣ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ትጠፋብኛለች። ኮፈኗን ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ሳቀዘቅዛት ትነሳለች።» (በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ፤ ግን ድሬና ሐረር አንቱታ የት አለ!) በ404 ዘመን ቢሆን ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ፈልቶ ነው ብዬ እርጥብ ጨርቅ እጠመጥምበት ነበር። አሁን ስካነሩን ሰካሁ። ፒ0335። የክራንክ ሴንሰር።

ይህች ሴንሰር ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ያለውን ጥርሳም መዘውር እያየች ፒስተኖቹ የት እንደደረሱ ለኮምፒዩተሩ ትነግራለች። እሷ ዝም ካለች ኮምፒዩተሩ ቤንዚንም እሳትም መቼ እንደሚሰጥ አያውቅም። ሴንሰር ደግሞ ሲሞቅ እንደሚሞት፣ ሲበርድ እንደሚነሳ ሰምቻለሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። አዲስ አስገዛሁት፣ ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ የእጄን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። «ደንገጎ ነኝ። ገንዘቤን በላህ እኮ!»

ያን ቀን ማታ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወዳጄን አማከርኩት። «ኮዱ ሴንሰሯ ሞታለች አላለህም። በመስመሯ ችግር አለ ነው ያለህ» አለኝ። መስመር ማለት ሴንሰሯ፣ ሽቦዋ፣ ሶኬቷና ኮምፒዩተሩ ናቸው። እኔ ከአራቱ አንዱን፣ ያውም በገንዘብ የሚገዛውን መረጥኩ።

በማግስቱ ልጁን በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩት። «ስትጠፋ ወዲያው ለማስነሳት ሞክረህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! ሁሉም ሰው ሙቀት ነው፣ ትብረድ አለኝ።»

ድሬ ላይ ለሁሉም ነገር ተጠያቂው ሙቀት ነው። እኔም አምኜ ነበር። ሙቀቱን ስተወው ግን ዳገቱ ብቻ ቀረ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ባለበት አይቀመጥም፤ በላስቲክ መቀመጫዎቹ ላይ ዘንበል ይላል።

የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። የሴንሰሯንም የኮምፒዩተሩንም ሶኬት ነቀልኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሴንሰሯ ሽቦ፣ ሌላውን በማሳ (በመኪናዋ ብረት አካል) ላይ አደረግኩ። ዝም። ረዳቴ ሞተሩን በብረት ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሲገፋው ቴስተሩ ጮኸ። ሲለቀው ዝም አለ። ደግሞ ገፋ፤ ጮኸ። ሁለታችንም ሳቅን።

የእጅ ባትሪ አብርተን ወደ ታች ስናይ ሽቦውን የሚይዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል። ሽቦው ከአንድ ብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ የእህል ፍሬ የምታህል መዳብ ትታያለች። ሞተሩ ዘንበል ባለ ቁጥር ያቺ መዳብ ብረቱን ትነካለች፣ ሴንሰሯ ዝም ትላለች፣ መኪናዋ ትጠፋለች። መኪናዋ ስትቆም ሞተሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሃያ ደቂቃው ለልጁ እረፍት ነበር እንጂ ለመኪናዋ ምንም አላደረገም።

ሽቦውን በካውያ በየድኩት፣ ሸፈንኩት፣ ከጠርዙ አርቄ አሰርኩት። ከቴፕና ከትንሽ መበየጃ ቆርቆሮ ሌላ ወጪ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ስካነሩን ከመሳቢያ ከማውጣቴ በፊት ሰውየውን አስወራለሁ፤ መቼ፣ የት፣ ምን ስታደርግ። ቀጥሎ ባትሪውን እለካለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሲሠራ ወደ 14 ገደማ ካልሆነ ሌላ ኮድ አላምንም፤ የደከመ ባትሪ የውሸት ኮድ ይደረድራልና። ኮዱንም ሳላጠፋው በፊት በደብተር እጽፋለሁ። መብራቱን አጥፍቶ ብቻ ገንዘብ የሚቀበል መካኒክ አለ፤ እሱ ላይ ባልናገር ይሻላል።

አሮጌዋን ሴንሰር አልጣልኳትም ነበር። መልሼ ገጠምኳት፣ ደንገጎን ራሴ ሦስት ጊዜ ወጣሁት፣ አልጠፋችም። ለልጁ የአዲሷን ዋጋና የእጄን መለስኩለት። አዲሷ እስከዛሬ ከነካርቶኗ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ረዳቶቼ ዕቃ ሳይለኩ ልቀይር ሲሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣታለሁ።