ቁም ሳጥኔ ውስጥ የፈነዳው ቢራ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። ከመኝታ ቤት "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ። ወዲያው የጠርሙስ መሰባበር ተከተለ። ሌባ ነው ብዬ ጃንጥላ ይዤ ገባሁ። ሌባ የለም። ሽታው ግን ነገረኝ፤ ቢራ ነው። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ካፖርቴ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ርሷል። ስባሪው ጫማዎቼ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከ44 ጠርሙስ ሁለቱ ፈንድተዋል። 42ቱ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጠላ ወሬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ ሌሊት ለሚሠራ አሜሪካዊ፣ እናቴ ለበዓል ጠላ እንደምትጠምቅ አወራሁለት። እሱም ቤቱ ቢራ ይጠምቃል ለካ። "እንግዲያው ያደግክበት ነው" አለኝና በሳምንቱ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ፔል ኤል የሚባለው ፈካ ያለ ቢራ መጥመቂያ ኪት። እውነቱን ለመናገር እኔ ከጠላ ጋር ያለኝ ዝምድና ውሃ ከማመላለስና ጉሹን ተደብቆ ከመቅመስ አልፎ አያውቅም። ግን ኩራት ያዘኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ቆርቆሮ የብቅል ጭማቂ አለ። እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ነው፤ ሲያዩት ጥቁር ማር ይመስላል። ግማሽ ኪሎ የሚሆን የተከካ ቀይ ብቅል፣ እንደ ዶሮ መኖ የተጠቀጠቀ ሆፕስ የሚባል የቢራ ማምረሪያ አበባ፣ 11.5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 140 ግራም የበቆሎ ስኳርና አንድ ከረጢት ቆርኪም አለ። ዕቃው ደግሞ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ፣ ቢራው የሚወርድበት ቀጭን ጎማ፣ ቆርኪ መግጠሚያና ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ የሚለካ ሃይድሮሜትር ነው። ኪት ማለት ብቅሉን ሌላ ሰው አብቅሎ፣ አድርቆ፣ ጭማቂውን አውጥቶ የሰጠህ ማለት ነው። እናቴ ገብሱን ነክራ፣ ቅጠል አልብሳ፣ አብቅላ፣ አስጥታ፣ አስፈጭታ ነው ወደ ጥንስሱ የምትገባው። ለዚህ ነው ስነግራት "ታዲያ አንተ ምኑን ጠመቅከው?" ያለችኝ።

አገር ቤት ጠላ ለመጥመቅ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። እዚህ ግን ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረንጆቹ 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ብቻውን የሚኖር አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ግብር ይጠምቃል። መሸጥ አይቻልም። ሚሲሲፒና አላባማ በራሳቸው ሕግ እስከ 2013 ድረስ ከልክለው ቆይተዋል። የኔ 19 ሊትር ናት፤ አምስት ጋሎን መሆኗ ነው።

የጥመቃው ቀን እሑድ ነበር። ቀዩን ብቅል በጨርቅ ከረጢት አድርጌ 68 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ቤቱ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። ከዚያ ጭማቂውን ጨመርኩ። እዚህ ላይ ምድጃውን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጭማቂው ከድስቱ ሥር ይቀመጥና ያራል። ይህን አንብቤ ስለነበር አጠፋሁ። ያላነበብኩት ግን መልሶ ሲፈላ ምን እንደሚያደርግ ነው። ስልኬን ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ ድስቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ እየተቃጠለ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮህ ጀመረ። ያን ምድጃ ለመፋቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ድስቱን እስከ አፉ አልሞላም፤ አረፋው ሰብሮ እስኪወርድ ድረስም ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም።

ሆፕሱ በሦስት ጊዜ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የገባው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈላ መራራነቱን ይሰጣል። መጨረሻ አካባቢ የገባው ሽታውን ይተዋል። የኔው ካስኬድ የሚባለው ዓይነት ነበር። በ1972 ኦሪገን የወጣ ዝርያ ነው፤ እንደ ግሬፕፍሩት ይሸታል። የካሊፎርኒያው ሲዬራ ኔቫዳ ቢራ ፋብሪካ በ1980 ፔል ኤሉን በዚህ ጠምቆ የአሜሪካኖቹን ፔል ኤል መልክ አስያዘው። ሆፕስና ጌሾ በዘር አይገናኙም። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ያመርራሉ፣ ከመበላሸትም ይጠብቃሉ።

እየቀዘቀዘ ሳለ ለእናቴ ደወልኩ።

"ጋኑን በምን አጠብከው?" አለችኝ።

"ጋን የለም እማዬ፣ ባልዲ ነው።"

"እሺ፣ ባልዲውን በምን አጠብከው?"

"በሳሙና።"

ዝም አለች። ከዚያ "ግራዋ የለም እዚያ?" አለች። እሷ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥባለች። ጨረሰች ስትል ትደግመዋለች። ከዚያ ወይራ አጭሳ አፉን ትደፋበታለች። ልጅ ሆኜ ለሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። "ጠላ የሚበላሸው በእህሉ አይደለም፣ በዕቃው ነው" አለችኝ።

ፈረንጆቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። በወይራው ፈንታ ስታር ሳን የሚባል አሲድ አላቸው። 30 ሚሊ ሊትር ለ19 ሊትር ውሃ ይበቃል። ከምድጃ ከወረደ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ በሱ መንከር አለበት። ባልዲው፣ ክዳኑ፣ ጎማው፣ የእርሾው ፓኬትና መቀሱ ሳይቀር። አረፋው ይቀራል፤ ይቅር፣ አይጎዳም። እኔ ግን የአረፋው ነገር ደስ ስላላለኝ መልሼ በቧንቧ ውሃ አለቀለቅኩት። የደከምኩበትን በገዛ እጄ አጠፋሁ ማለት ነው። እንደ ዕድል ሆኖ አልተበላሸም።

ውህዱን ወደ 19 ዲግሪ አቅራቢያ አብርጄ እርሾውን በተንኩበት። ሃይድሮሜትሩ 1.052 አሳየኝ፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል። በአማርኛ ውሃም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል፤ ሁለተኛው መፍላት በማግሥቱ ጠዋት ጀመረ። ክዳኑ ላይ ያለችው ውሃ የያዘች መተንፈሻ "ብልቅ፣ ብልቅ" ትላለች። ወንበር ስቤ ሳያት አረፈድኩ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ወሩ የካቲት ነበር። ባልዲውን ያስቀመጥኩት የበረንዳው በር ሥር፣ ንፋስ በሚገባበት ቦታ ነው። በአምስተኛው ቀን "ብልቅ" ማለቱ ቆመ። አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ሃይድሮሜትሩ 1.018 ይላል፤ መመሪያው ደግሞ 1.012 አካባቢ ይጠብቃል። ልዩነቱን ናቅኩት። እርሾው ግን ሥራውን አልጨረሰም፤ በርዶት ነው የተኛው። እኔ አሽጌ፣ ለሁለት ሳምንት ጋዝ ይያዝ ብዬ የሙቅ ውሃ ታንከሩ ካለበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ሞቀውና ነቃ። የተረፈውን ስኳር ጠርሙሱ ውስጥ መብላት ቀጠለ።

በዚያ ላይ የስኳሩ ነገር አለ። ሲታሸግ ጋዝ እንዲይዝ የሚጨመረው 140 ግራም የተመጠነው ለ19 ሊትር ነው። እኔ ከገነፈለው፣ ከቀመስኩትና ከታች ከቀረው አተላ የተረፈኝ 16 ሊትር ነበር። ፓኬቱን ሙሉ ቀድጄ አፈሰስኩት። ሁለት ስህተት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ታሸገ።

ያን ሌሊት ካፖርቱን ደርቤ፣ የመነጽርና የጓንት ዓይነት ሁሉ አድርጌ፣ ካርቶኖቹን በወፍራም ፎጣ ሸፍኜ ወደ በረንዳ አወጣኋቸው። ውጭ ዜሮ አካባቢ ነው። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ጋዙንም ፈሳሹ ውስጥ ይይዘዋል። በማግሥቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ግማሹ ጣሪያ ነካ። የቀረውን ቀመስኩት። ጣዕሙ፣ የሚያናድደው ይህ ነው፣ ግሩም ነበር።

ስድስቱ ደግሞ ጭራሽ ጋዝ የላቸውም። ምክንያቱ ጠርሙሱ ነው። ባዶ ጠርሙስ ከወዳጅ ዘመድ ስለቅም፣ በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈተውን ዓይነት ቀላቅያለሁ። የሱ አፍ ጥርስ አለው፤ ተራ ቆርኪ ቢመቱበትም በደንብ አይዘጋም። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስም አልወስድም። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ይለውጠውና ቢራው ይገማል። በመስኮት በኩል ሁለት አረንጓዴ ረስቼ ስለነበር በአፍንጫዬ አረጋግጫለሁ። ቡናማ ብቻ።

ለሁለተኛው ጥመቃ ቦታውን ቀየርኩ። ባልዲው መኝታ ቤቴ ገባ፣ 19 ዲግሪ። ለመተንፈሻዋ ጆሮ መስጠት ተውኩ፤ የማምነው ሃይድሮሜትሩን ነው። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቼ ቁጥሩ አንድ ካልሆነ አልነካውም። 1.012 ላይ ቆመ። ከመጀመሪያው ላይ ሲቀነስ የአልኮሉ መጠን 5.2 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሚዛንም ገዛሁ። ለአንድ ሊትር 6.5 ግራም ስኳር፣ ያለውን ሊትር ለክቼ። ስኳሩን በጥቂት ውሃ አፍልቼ ከባልዲው ሥር አስቀድሜ አደርገዋለሁ፤ ቢራው በላዩ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ራሱ ይቀላቀላል። ማማሰልና ማንቧቧት የለም። አየር ከገባበት በወሩ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ጎማውንም በአፌ መሳብ ትቻለሁ። መጀመሪያ ሹፌሮች ናፍጣ እንደሚስቡት ስቤ ነበር። እናቴ ብታየኝ ባልዲውን ትደፋው ነበር።

የመጀመሪያው ቀማሽ ከታች ፎቅ ያሉት ጋሼ ነበሩ። ቀስ ብዬ ቀዳሁላቸውና ከሥር የተኛውን እርሾ አንድ ጣት ያህል አስቀረሁ። አንዴ ተጎነጩ። "ጌሾው በዝቷል" አሉ። ደግመው ተጎነጩ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

"ይሄ የታችኛው ለምን ይደፋል?"

"አተላ ነው ጋሼ።"

"ጉሽ ነው እንጂ!" ብለው ነቅንቀው ቀዱት። ሁለተኛውን ጠርሙስም እንደዚያው ነቅንቀው ጠጡ። እኔም ቀመስኩ። ደፍርሷል፣ እርሾ እርሾ ይላል፣ ግን የሆነ የማውቀው ነገር አለው።

አሁን ሦስተኛው ባልዲ አልጋዬ ሥር ነው። 50 ቡናማ ጠርሙስ አጥቤ ደፍቻለሁ። ሐሙስ ስለካ 1.014 ነበር። ዛሬ እሑድ ነው፣ ስኳሩን መዝኜ፣ ቆርኪውን አውጥቼ፣ ሁሉን አሰናድቼ ለካሁ። 1.012። ቆርኪውን ወደ ከረጢቱ መለስኩ።