በበለጤ ጫካ ከዛፍ ወደ ዛፍ፦ ከልጆች ጋር የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ በሄድንበት አጋጣሚ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እንጦጦ ፓርክ ወጥቼ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በዚህ መናፈሻ ልጆች ሴፍቲ ቤልት ታጥቀውና ሄልሜት አድርገው ከመሬት ከፍ ባለ ገመድ ላይ የሚሻገሩበት መጫወቻ አለ። የ11 ዓመቱ ወንድ ልጄ በደስታ ተሻገረ። የ8 ዓመቷ ልጄ ግን የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ ከወጣች በኋላ ወደ ታች አየችና በቀስታ «እማዬ፣ መውረድ እፈልጋለሁ» አለች። እኔም ሳላመነታ «ነይ ውረጂ የኔ ልጅ» አልኋት፤ ወረደች፤ አቅፌ አጽናናኋት፤ ነገሩም በዚያ ያለቀ መሰለኝ። ወደ ጅማ ስንመለስ የጊቤን ቁልቁለት ወርደን ዳገቱን እስክንጨርስ ድረስ ምንም ሳትናገር ቆይታ፣ «ትንሽ ቆዪ ብትይኝ ኖሮ እኮ እሻገር ነበር» አለችኝ። ይህ ቃሏ ለወራት ከልቤ አልወጣም።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ገመድ ተብሎ በየጊዜው የሚኬድበት መንገድ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ የስልክ ማማ ላይ እየወጣ የሚሠራ ባለሙያ ስለሆነና ከመንጠቆና ከገመድ ጋር ሲውል ዓመታት ስላስቆጠረ፣ የልጅቷን ነገር ሳጫውተው ለጥቂት ጊዜ አሰበና «በለጤ ጫካ ውስጥ እኔ እዘረጋላታለሁ፤ ግን እኔ የምልሽን ሁሉ የምትሰሚ ከሆነ ነው» አለኝ። ጫካው አቅራቢያ ባለችው ሸቤ ለሥራ ሲመላለስ የተዋወቃቸው አንድ ንብ አናቢ አዛውንት ነበሩ፤ ቦታውን የመረጡልንም እርሳቸው ናቸው።

ፈቃዱን ማግኘት ቀናት ወሰደብን፤ መውሰዱም ተገቢ ነው እላለሁ። በለጤ ከጌራ ጫካ ጋር ተያይዞ ከ100,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍን የተፈጥሮ ደን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ድጋፍ በተጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ በየመንደሩ ዋቡብ የሚባሉ ማኅበራት ተቋቁመውበታል፤ ስሙ ወልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና ማለትም የደን አስተዳደር ማኅበር ከሚለው የአፋን ኦሮሞ ስያሜ የተውጣጣ ነው። ነዋሪው በጥላው ሥር የሚበቅለውን ቡና ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል፣ በምላሹም ጫካውን ይጠብቃል። ስለዚህ እኛም ማኅበሩን ሳናስፈቅድ አንድ ገመድ እንኳ በአንድ ዛፍ ላይ አንጠመጥምም ብለን አዛውንቱን ላክናቸው። የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ሚስማር አይመታ፣ ቅርንጫፍ አይቆረጥ፣ ማታ ከመሆኑ በፊት ሁሉም ነገር ይወረድ።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከጅማ ሄርማታ ሰፈር ተነሣን። ከልጆቼ ጋር የጎረቤታችን የ10 ዓመት ልጅ ነበረ። ሰቃን አልፈን የቦንጋን መንገድ ይዘን ስንጓዝ ማሳውና የባሕር ዛፉ እየሳሳ መጥቶ፣ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቅን መንገዱ በሁለቱም ጎን በጫካ ተዋጠ። መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁመን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ገባን። ጉሬዛዎች ከላይ እየተንኮሻኮሹ ተከተሉን፤ ልጆቹም አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልብሰው ሲሄዱ በሐረግ እየተደናቀፉ ነበር።

አዛውንቱ በአንድ ትልቅ ቀረሮ ሥር ቆመው ጠበቁን። ቀረሮ በዚህ ጫካ ከሌሎቹ ዛፎች አናት በላይ ራሱን የሚያወጣ ዛፍ ነው፤ ግንዱን ለማቀፍ የሁለት ሰው እጅ አይበቃም። ዘጠኝ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንድ ዶቅማ ቆሟል። ወንድሜ ሁለቱንም ዛፎች ዞሮ ዞሮ ሳያይ ገመዱን ከከረጢቱ አላወጣም። ሥራቸው አጠገብ እንጉዳይ መብቀሉን ፈለገ፤ ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየመታ ድምፁን አዳመጠ፤ ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለም በጥንቃቄ አየ፤ ከላይ ያለ ደረቅ እንጨት ነፋስ ባይኖርም ሊወርድ ይችላልና። አዛውንቱ ይህን ሁሉ ቆመው ተመለከቱና በአፋን ኦሮሞ «ጋሪዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንደ ቤተሰብ ያዩን።

ገመዱ ግንዱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ወንድሜ ከቤት ጠርቦ ያመጣቸውን ጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጮች ደረደረ። ዛፍ ምግቡን ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለች ስስ ሽፋን በኩል ነው፤ ያች ሽፋን ዙሪያዋን በገመድ ከታነቀች ግንዱ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ዛፉ ቀስ በቀስ ይሞታል። እኛ ከአንድ ቀን ለማያልፍ ሥራ ይህን ያህል መጨነቃችን የበዛ ለመሰላቸው፣ አዛውንቱ ራሳቸው መልስ ሰጡልን፦ «እኔ በዚህ ዛፍ ላይ ቀፎ ስሰቅል አባቴም ሰቅሎበታል።»

ሦስት ገመዶች ተዘረጉ፤ ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንዱ ለእግር፣ ከሱ በላይ አንዱ ለእጅ፣ ሦስተኛው ከራስ በላይ ሆኖ የልጆቹ መንጠቆ የሚንሸራተትበት። ወንድ ልጄ የላዩ ገመድ መሐሉ ላይ ረገብ ማለቱን አይቶ «ጋሼ፣ ለምን አታጠብቀውም?» አለ። እኔም በልቤ ይህንኑ እያልኩ ነበር። ወንድሜ ከመመለስ ይልቅ ሁለቱን ወንዶች ልጆች የአንድ ቀጭን ሲባጎ ጫፍና ጫፍ አስያዛቸውና «በደንብ ወጥሩት» አላቸው። ከዚያም ልጄን «መሐሉን በአንድ ጣትሽ ተጫኚው» አላት። ስትጫነው ሁለቱም ወንዶች ወደ ፊት ተስበው ሊወድቁ ደረሱ። አላልተው ሲይዙት ግን ያው ጣት ምንም አላነቃነቃቸውም። ከዚያ በኋላ ለእኔ በቁጥር አስረዳኝ፦ ገመዱ ተወጥሮ 5 ዲግሪ ብቻ ቢረግብ፣ መሐሉ ላይ የተንጠለጠለ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እያንዳንዱን ጫፍ ከ170 ኪሎ በሚበልጥ ጉልበት ይጎትተዋል፤ ረገብ ባለ መጠን ግን ጉተታው እየቀነሰ ይሄዳል። የተወጠረ ገመድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው ብዬ ስኖር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ትምህርት ለእኔም ነበር።

ትጥቁም እንዲሁ አሳስቦት ነበር። ማማ ላይ የሚለብሱት የአዋቂ ሴፍቲ ቤልት ለልጅ አይሆንም፤ የልጅ ዳሌ ገና ስላልሰፋ ከወገብ ብቻ የታሰረ ትጥቅ ልጁ በተገለበጠ ጊዜ ሊሾልክ ይችላል። ስለዚህ ከትከሻ እስከ ጭን የሚይዝና መንጠቆው ደረት ላይ የሚያያዝ በልጅ ልክ የተሠራ ትጥቅ ከአንድ የሥራ ባልደረባው አዲስ አበባ ድረስ ልኮ ተዋሰ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት መንጠቆ ነበረው። ከዛፉ ማሰሪያ ወደ ላዩ ገመድ ሲዛወሩ አንዱ ሳይያያዝና ሳይቆለፍ ሌላው አይፈታም። ይህን መሬት ላይ ቆመው ሃያ ጊዜ ያህል አስደጋገማቸው፤ «ያዝ፣ ቆልፍ፣ ጎትተህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ፍታ» እያሉ በዜማ እስኪሉት ድረስ። አዛውንቱም ይህን ሲሰሙ ወጣቱን ልጃቸውን ጠሩት። እርሱ ሁለት ገመድ ይዞ ግንዱ ላይ ወጣ፤ ቅርንጫፍ በደረሰ ቁጥር አዲሱን ገመድ ከቅርንጫፉ በላይ አዙሮ ከወገቡ ጋር ሲያስር፣ የታችኛው ያን ጊዜ ብቻ ይፈታ ነበር። ልጆቹ ከታች ሆነው «ያዝ! ቆልፍ!» እያሉ ጮኹለት፤ እርሱ ቋንቋውን ባይሰማም ምን እንደሚሉ ገብቶት ሳቀ።

መጀመሪያ ወንድሜ ራሱ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ መሐሉ ላይ ቆሞም ዘለለ። አንድ ሰው ትጥቁ ላይ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ከተንጠለጠለ የደም ዝውውሩ ስለሚታወክ፣ ማንኛውንም ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያወርድበትን ገመድና መሰላል አዘጋጅቶ ከሞከረ በኋላ ብቻ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራ። እርሱም ወንድ ልጄም በየተራ ተሻገሩ፤ ስለ እነርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደስታቸው ጫካውን ሞላው።

የልጄ ተራ ሲደርስ ወንድሜ ወደ እኔ መጥቶ «እህቴ፣ አንቺ እዚያ ግንድ ላይ ተቀመጪ፤ እስክትሻገር ወይም ራሷ አውርዱኝ እስክትል አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። ልጅቷ መሰላሉን ወጣች፣ መንጠቆዎቿን አዛወረች፣ ሁለቱንም ጎትታ አረጋገጠች፤ አምስት ስድስት እርምጃ ሄደችና መሐሉ ላይ ቆመች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ የእግሩ ገመድም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አይዞሽ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እስከ ዛሬ አይዞሽ ማለት ሁልጊዜ መርዳት ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጬ ግን አይዞሽታዬ ልጅቷን ሳይሆን ራሴን ለማረጋጋት የምለው እንደሆነ ታወቀኝ።

ከአፍታ በኋላ ወደ ታች ሳይሆን ወደ እጇ አተኩራ ስታይ አየኋት። ከቀረሮው በኩል የመጡ ጉንዳኖች የእጁን ገመድ መንገድ አድርገውት በሰልፍ እየተሻገሩ ነበር። አንዱ አውራ ጣቷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ቀንዶቹን እያወዛወዘ ጥፍሯን ዳሰሰ። እርሷም አውራ ጣቷን በጣም በቀስታ ከገመዱ አነሣች፤ ጉንዳኑ በሥሩ አለፈ፤ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሌባ ጣቷን አነሣች። ገመዱን አንቃ የያዘችበት እጅ እንዲህ አንድ በአንድ ሲላላ ታየኝ፤ የጉልበቷም መንቀጥቀጥ ያን ጊዜ ቆመ። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆመች። ወንድሜ ዶቅማው ላይ ሆኖ መንጠቆዋን እንጂ ፊቷን አያይም ነበር፤ አልጠራትም፣ አላቻኮላትም። የሰልፉ ጅራት ሲያልፍ ራሷ «አሁን ልሂድ» አለችና የቀሩትን እርምጃዎች አንድ በአንድ ጨርሳ የዶቅማውን ግንድ በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ እንባዬ ወረደ፤ ቃሌን ግን አላፈረስኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ተሻገረች። በመሐሉ አዛውንቱ ከቤታቸው ዐመድ አስመጥተው በቀረሮው ሥር ዙሪያውን በተኑ። ጉንዳን የቀፎ ጠላት ነው፤ እርሳቸውም ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዛፍ እንዲህ እንደሚጠብቁት እየነገሯት ቀረ ያለውን ዐመድ በእፍኟ ሰጧት፤ እርሷም የዶቅማውን ሥር አዳረሰች። ምሳችንን በሶና ዳቦ በላን፤ እርሳቸው ደግሞ ከሰፈፉ ያልተለየ ማር አቀረቡልን። ቀፎው ከላይ እንዴት እንደሚደርስ ወንድ ልጄ ሲጠይቃቸው፣ አንዱ ባዶ እጁን ወጥቶ ገመዱን በቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ጫፉን ወደ ታች እንደሚለቅ፣ ቀፎውም በዚያ ታስሮ ከታች በሚቆሙ ሰዎች እንደሚሳብ፣ ማሩ የሚቆረጠው ግን ንቡ ሲበርድለት ማታ በጭስ እንደሆነ አስረዱት።

9 ሰዓት ላይ ገመዶቹን ማውረድ ጀመርን። የእንጨት ቁራጮቹ ከተነሡ በኋላ አዛውንቱ የግንዱን ዙሪያ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩ፤ ቅርፊቱ ላይ እንደ ሽበት ያለው ልባስ ብቻ ትንሽ ተጋግጦ ነበር። ቁራጮቹን እንድንተውላቸው ጠየቁን፤ ለቀፎ ገመዳቸው ሊጠቀሙባቸው ነው። ወንድሜ በደስታ ሰጣቸው። ልጄም ቀጣዩን ቀፎ መቼ እንደሚሰቅሉ ጠየቀቻቸውና ጌተም የሚባለው ዛፍ ከማበቡ በፊት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ እንደሆነ ነገሯት። «እኔም ልሳብ?» አለች። «ትስቢያለሽ፤» አሏት በተሰባበረ አማርኛ፣ «ቶሎ ቶሎ ግን አይሳብም።» ወደ መኪናው ስንመለስ ሄልሜቷን ከራሷ አላወለቀችም፤ የየካቲትን ቅዳሜዎች በጣቷ እየቆጠረች ከፊቴ ትሄድ ነበር።